የምንጩ መተላለፊያ

ሽታዬ ከምንጩ ውሃ ቀድታ ስትወጣ በግንቡ መታጠፊያ ላይ ተቀረቀረች። የገፋ እርግዝናዋ ከፊት፣ ያዘለችው ሙሉ እንስራ ከኋላ ድንጋዩ ላይ ተጣብቀው ያዟት፤ እንስራው ከነማዘያው ስለተወተፈ ፈትቶ ወደ ላይ መሳብም አልተቻለም። ግንበኛው የሻው መተላለፊያውን ቆልምሞ የሠራው ሆን ብሎ ነበር፤ ሰው ተጠማዞ እንዲያልፍ፣ ከብት ግን ገብቶ ምንጩን እንዳያደፈርስ። እርጉዝ ከነእንስራዋ እንደምታልፍበት አላሰበም።

«ድሮስ ብለን ነበር! እኛ ምን ቆርጦን እንሽሎከለካለን? ይፍረስ!» ብለው ከውጭ የቆሙት ጮሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበርም ተጨንቆ «አፍርሰው፣ ጓድ የሻው!» አለ። ውሃ የሸተታቸው ከብቶች ከኋላቸው ይገፋፋሉ። ሽታዬ ትንፋሽ አጠራት፤ ጽንሱ ሲራገጥ ድንጋዩ ድረስ የተሰማ መሰላት። ግንቡ ሲሠራ ከሁሉ አብልጣ የተሳደበችው እሷ ነበረች። ከተሠራ ወዲህ ግን በመንደሩ ተቅማጥ የገደለው ሕፃን የለም። የእሷ በኩር የሞተው ከዚያ በፊት ነው።

የሻው መዶሻውን አነሳ።

«ግንቡን እንዳትነካ!» አለች።

«ታዲያ እንዴት ላድርግሽ፣ እታለም?»

«እንስራውን ምታው።»

«ሌላ አለሽ እንዴ?»

«የለኝም። ምታው አልኩህ!»

በግንቡ ላይ አጎንብሶ መታው። ሸክላው ተፈረካክሶ ውሃው ጀርባዋን አርሶ ሲወርድ፣ ሽታዬ ተጠማዛ ወጣችና መሬት ላይ ተቀመጠች። ከውስጥ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። እንስራቸውን ከጀርባቸው እያወረዱ በግንቡ ላይ አሳልፈው ማቀበል ጀመሩ። «ይፍረስ» ሲሉ የነበሩትም በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።