የደጃዝማቹ ሬሳ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ መጋረጃው ሊከፈት ሲል ከመድረኩ ጀርባ የነበርነው አዘጋጁ ጋሽ ደርቤ፣ ገረዷን የምትጫወተው ስመኝ እና መርማሪውን የምጫወተው እኔ ነበርን። ሬሳውን የሚጫወተው ጓደኛችን ልብሱን እየቀየረ ሳለ ከቤቱ ለጋሽ ደርቤ ተደወለ። እናቱ ሞተዋል።

"መርዶ እንዲህ አይነገርም" አሉ ጋሽ ደርቤ። "ነገ ማለዳ ዘመዶቹ ይንገሩት። አዳራሹ ሞልቷል፤ እናንተ ብቻ እንዳታስነቁት።"

"እኔ አልችልም ጋሼ። እንዴት ብዬ ነው የምዘፍነው?" አለች ስመኝ።

"እንደ ሁልጊዜው።"

ድራማው በገጠር፣ በአንድ ደጃዝማች ቤት ስለተፈጸመ ግድያ የሚያስቅ፣ ዘፈን የበዛበት ነው። የተገደሉት ደጃዝማች ጋቢ ለብሰው መሬት ላይ ይተኛሉ፤ እኛ ዙሪያቸውን እየጨፈርን ገዳዩን እንፈልጋለን። ዘፈንን። ጨፈርን። ምንም አልተሰማኝም።

ሬሳውን ልመረምር ስንበረከክ፣ ከጋቢው ሥር በሹክሹክታ ተናገረኝ።

"ሁልጊዜ ሳቅ እንዲያመልጠኝ ትኮረኩሩኝ ነበር። ዛሬ ማናችሁም አልነካችሁኝም። ማን ሞቶብኝ ነው?"

ጋቢውን ፊቱ ላይ መልሼ ተነሣሁ።

ተራው ደርሶ ሙዚቃው ሲጀምር፣ ሬሳው ተነሥቶ ገዳዩን በዘፈን አጋለጠ። ተመልካቹም ሳቀ።