ወፊቱና የእትዬ እሙዬ ወገብ

ጋምቤላ ክልል በሆነች በሁለተኛው ዓመት፣ በዚያ ሰው በሚያቀልጥ የመጋቢት ሙቀት፣ የባዮሎጂ አስተማሪው ጸጋአብ ሁለት ራስ ምታት ነበረበት። አንደኛዋ ባሮ ዳር አሸዋ ላይ የምትውል ወፍ ናት። ሁለተኛዋ የሩሐማ እናት፣ እትዬ እሙዬ።

ከወፏ እንጀምር። እግረ ረጅም፣ ጥቁር ቆብ፣ ነጭ ጉንጭ፤ ሰው ባየች ቁጥር ሰፈሩን የምታምስ ጯሂ። ተማሪዎቹን ስሟን ቢጠይቃቸው አኙዋኩ አንድ አለ፣ ኑዌሩ ሌላ አለ፣ የደገኛው ነጋዴ ልጅ ደግሞ «ቲቸር፣ ወፍ ናት» ብሎ ገላገለው። የወፍ መጽሐፉ ውስጥ የሚመሳሰሉ ሁለት ነበሩ፤ ክንፏ ላይ እሾህ ያላት አንዷ ብቻ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀሐይ ላይ ሲጠበስ ከርሞ፣ አንድ ቀን ክንፏ መታጠፊያ ላይ ያለችውን ጥቁር እሾህ አየና «አገኘሁሽ!» ብሎ ጮኸ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ዘወር ብለው ገረመሙት።

ማንነቷን ማወቅና ጠባይዋን ማወቅ ግን ለየቅል ነው። ጎጆ አትሠራም፤ ባዶ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋ እንቁላሏን እዚያው ትጥላለች። ጸጋአብ ጠጋ ሲል ከወዲያ በኩል አጭር ጥሪ ይሰማል። ወዲያው እሷ ከፊቱ ዱብ ትልና ክንፏን እየጎተተች ታነክሳለች። «ወይኔ፣ ተሰበረች!» ብሎ ይከተላታል። በደንብ ካራቀችው በኋላ ብድግ ብላ ትበራለች። ያ ጠሪ ማን እንደሆነ ገና አልደረሰበትም። አንድ ነገር ግን ገብቶታል፤ ወፏ ወደ ቀኝ ካነከሰች እንቁላሉ ያለው በግራ ነው።

ሩሐማ የአዲሱ ክልል ምክር ቤት ታይፒስት ናት። ጸጋአብ ወዷታል፤ ያውም ክፉኛ። ይህንን ሊነግራት ቤቷ በሄደ ቁጥር ግን እትዬ እሙዬ ወገባቸውን ይታመማሉ።

«እማዬ፣ ፊትሽ ልክ አልመሰለኝም» ትላለች ሩሐማ፣ ለእንግዳው ውሃ እያቀረበች።

«እ? ... ኧረ አዎ! ወገቤን! ወገቤን!»

«ጸጋአብ፣ እባክህ ጤና ጣቢያ አድርስልኝ። እኔ ቤት ልጠብቅ።»

የእናትየው ነጠላ ከወዲሁ ወንበሩ ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል። እንዴት ያለች አሳቢ ልጅ ናት ይላል ጸጋአብ በልቡ፣ አሮጊቷን ደግፎ ሲወጣ።

መንገድ ላይ እትዬ እሙዬ ስለ እናቱ ይጠይቁታል፣ ስለ አገሩ ይጠይቁታል፣ ማንጎ ይገዙለታል። «ከስተሃል ልጄ፣ ብላ እንጂ!» ይሉታል። አፉን በማንጎ ሊያስይዙት መሆኑን መች አጣው! ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ ታዲያ «ተመስገን፣ ለቀቀኝ፤ በል አንተም ወደ ቤትህ» ይሉና ቀጥ ብለው ይመለሳሉ።

ነገሩን ለጂኦግራፊው አስተማሪ ለኪየር አጫወተው። ኪየር ኑዌር ነው፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«የአማትህን ክንድ ይዘህ? ገበያ መሃል? እኛ አማት ከሩቅ ካየን መንገድ እንቀይራለን! እሷም ትሸሻለች!»

«እኔን ጠልተውኛል፣ ኪየር። ልጃቸውን ከእኔ እየጠበቁ ነው።»

«ታዲያ ያቺ ሁሌ የምታወራልኝ ወፍ ምን አስተማረችህ? እንቁላሉ ከኋላህ ነው፤ ተመለስ ወደ ኋላ!»

ሳቁ ሳቅ ነው፤ ጊዜ ግን አልነበረም። ክልል ከተሆነ ወዲህ ዝውውር ብርቅ ሆኗል። ጸጋአብ ስንት ደጅ ጠንቶ፣ እናቱ ብቻዋን ወዳለችበት ወደ ደብረ ማርቆስ እንዲሄድ ተፈቅዶለታል። እስከ ዓርብ እሺ ካላለ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ሁለተኛም አያገኘውም።

ዓርብ ጧት ትምህርት ቢሮ ገብቶ «አልሄድም» አለ።

«ጤነኛ ነህ?» አሉት ኃላፊው አቶ ሩአች።

«ላገባ ነው።»

ሙሽሪት ገና አልሰማችም እንጂ ይኸው ቁርጥ ሆነ። ከቢሮው ሲወጣ እናቱ ትዝ አለችው። ቢሆንም ደስ ብሎት ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሩሐማ ቤት ሄደ። ውሃው ቀረበ፣ ፊት ታየ፣ ወገብ ታመመ። ክንድ ደግፎ ወጣ። ገበያው ጋ ሲደርሱ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እትዬ፣ ቦርሳዬን ረስቻለሁ! እዚሁ ይጠብቁኝ፣ መጣሁ!»

መልስ ሳይጠብቅ በወንዙ መንገድ ሮጠ። ዘወር ቢል፣ እትዬ እሙዬ ነጠላቸውን ሰብስበው በገበያው መሃል በአቋራጭ ይከንፋሉ! የሽንኩርት መደብ ዘለሉ! ምን ጉድ ናቸው እኚህ ሴትዮ! «ዛሬስ አይሆንልዎትም» አለና እግሩን ጨመረ። ባሮ ዳር ወፏ እላዩ ላይ ጮኸችበት፤ ዞር ብሎም አላያት።

የእነ ሩሐማ ቤት የሸምበቆ አጥር ጋ ሲደርስ በሩ አሁን ገና ተዘግቶ ነበር። ቀድመውታል። ቢሆንም ግድ የለም፤ እናትየው ፊትም ቢሆን ይናገራል። «ሩሐማ፣ ላንቺ ስል ቀርቻለሁ» ነው የሚላት። ትንፋሹን ሊሰበስብ ትንሽ ቆመ።

«ምነው ቶሎ መጣሽ?» አለች ሩሐማ ከውስጥ።

«እየተመለሰ ነዋ!» አሉ እትዬ እሙዬ እያለከለኩ፤ «ኧረ ልጄ፣ እኔስ ልጁን ወድጄዋለሁ፤ እስከ መቼ ነው የምታመምልሽ?»