የረቡዕ ሰንጋ

ጓድ ይሁኔ ጨጓራውን አሳስሮ ከምሥራቅ ጀርመን ሲመለስ ወረታ በሳቅ ሞተች። ሰው አንገቱ ላይ ክታብ ያስራል፤ ጨጓራውን ያሳሰረ ግን ፎገራ አይታም ሰምታም አታውቅም።

ይሁኔ የእርሻ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነበር። ሳይሄድ በፊት አንድ ዶሮ ለብቻው ጨርሶ «ሌላስ?» የሚል፣ የቢሮውን ወንበር እግር የሰበረ ሰው ነው። ውፍረቱ ልቡን ሲያደክመው መንግሥት ላከው። ሐኪሞቹ የጨጓራውን አንገት በፕላስቲክ ቀለበት ጠፍረው ሸኙት። በዚያ ዓመት ወሎ ላይ የሚላስ የሚቀመስ ጠፍቶ ሰው ይረግፋል፤ የእኛው ጌታ ደግሞ እንዳይበላ ብሎ ባሕር ተሻገረ። አይ ጊዜ!

የሐኪሙን ትእዛዝ ሚስቱ ሙናዬ በቃሏ ያዘችው። መጀመሪያ አጥሚትና ቀጭን ሾርባ ብቻ፤ ቀጥሎ የላመ ነገር፤ ቅቤና ጮማ ወዲያ። ምግቡ በቡና ስኒ ተሰፍሮ ይቀርባል። አንዷን ጉርሻ ሠላሳ ጊዜ ያላምጣል። ከምግብ ጋር ውኃ አይጠጣም። አመሻሹ ላይ በቁሐር ሚካኤል መንገድ በእግሩ ይሄዳል። ከቸኮለ ጉርሻው ቀለበቱ ላይ ይሰነቀርና ያስመልሰዋል።

«ሰንጋ ሰድጄ ጥጃ መለሱልኝ» እያለች ታላግጥ ነበር። ማላገጧን የተወችው ጓድ አምባው ቤቷ መመላለስ ሲጀምር ነው።

አምባው ከአዲስ አበባ የተመደበ የርዕዮተ ዓለም ኃላፊ ነው። የጾመ ባለሥልጣን ካገኘ አይምርም። አንዱን መምህር «በድብቅ ይጾማል» ብሎ ካሳሰረው ወዲህ፣ ሰው ሁሉ ዓርብ ዓርብ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ነው በፊቱ የሚያልፈው።

ይመጣል፣ ደግሞ ምሳ ሰዓት ጠብቆ ነው የሚመጣው።

«ይግቡ ጓድ አምባው፤ ቤት ያፈራውን ይቅመሱ።»

«በልቻለሁ። ለሥራ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጦ የይሁኔን አፍ ያያል። ይሁኔ የተፈጨች ድንቹን እያላመጠ ላቡን ይጠርጋል።

አንድ ቀን አምባው ይሁኔ እስኪወጣ ጠበቀና ነገሩን አፈረጠው።

«ወይዘሮ ሙናዬ፣ ይህ ቀለበት ይገርማል። ሰኔ ሲገባ አጥሚት፤ እስከ ሐምሌ አምስት ሥጋ የለ። ነሐሴ ሲገባ ቅቤ የለ። የሰኔን ጾም እንኳ ቄስ እንጂ ሌላው መች ያጠብቀዋል? የጀርመኑ ሐኪም ባሕረ ሐሳብ ሳይማር አልቀረም።»

«ኧረ በሞቴ ጓድ አምባው! ቁስሉን አይቼዋለሁ እኮ።»

«ቁስል ማንም አለው። አድኃሪ የሚታወቀው በአፉ ነው።»

ያን ቀን ስለላው ረዘመበትና ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ርቦት ኖሮ የሽሮውን ድስት አሟጠጠላት። «ሰላይም ይርበዋል ለካ» አለች በሆዷ።

እሷም ብትሆን ልቧ ተጠራጠረ። ቁስሉን እንጂ ቀለበቱን አላየችም። የሚሄደውስ ስለምን በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ነው? ማታ ያዘችው።

«እውነቱን ንገረኝ። ትጾማለህ?»

«እግዜር ይመስክርብኝ፣ ቀለበት ነው!»

«እግዜር አትበል አንተ ሰው! ግድግዳው ይሰማል። እኔን ባል አልባ ልታስቀረኝ ነው?»

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ረቡዕ ዋለ። አምባው ጮማ የፎገራ ሰንጋ አስጣለና ኃላፊዎቹን ሁሉ አዳራሽ ሰበሰበ። ጥሬ ሥጋ በእንጀራ ላይ እየሆነ በየሰሐኑ ቀረበ።

«ዛሬ የማይበላ ጓድ ምክንያቱን ለኮሚቴው ያስረዳል» አለ፤ ዓይኑን ይሁኔ ላይ እንደ ተከለ።

ሙናዬ ከአስተናጋጆቹ ሴቶች ጋር ቆማ ታያለች። ጥሬ ሥጋ ሐኪሙ አጥብቆ የከለከለው ነው። ተሰንቅሮ ቢያስመልሰው «ጾሙን ላለመግደፍ ተፋው» ይባላል፤ እምቢ ቢል እስር ቤት። ቢበላ ቀለበቱ፣ ባይበላ አምባው።

ጓዶቹ ግራ ቀኛቸውን እያዩ ቶሎ ቶሎ ይውጣሉ። መቼም ሆዳቸው ሳይሆን ፍርሃታቸው ነው የሚበላው። አምባው ቢላዋ ይዞ ከወንበር ወንበር ይዞራል፤ ለአንዱ ይቆርጣል፣ ሌላውን ያጎርሳል፣ «በርታ ጓድ!» ይላል። ይሁኔ ዘንድ ሲደርስ ሥጋውን አዋዜ ነክሮ አፉ ውስጥ ከተተለት።

ይሁኔ አላመጠ። አላመጠ። ዓይኑ ቀላ፣ ላቡ በአገጩ ወረደ። አንዱ ጓድ ትዕግሥቱ አልቆ «ኧረ ዋጠውና እንገላገል!» አለ። ሙናዬ ነጠላዋን ነክሳ ቆማለች። «ቁሐር ሚካኤል፣ ይህችን ብቻ አውርድልኝ» አለች በልቧ።

ጉሮሮው ከፍ ዝቅ አለ። ወረደ። ይሁኔ አፉን እንደ ሕፃን ከፍቶ አሳየ።

ጭብጨባው ጣሪያውን አናጋው። አምባው ይሁኔን አቅፎ ሳመው፤ «ጓድ ይሁኔ ንጹሕ ነው!» አለ። ወደ ወንበሩ ተመልሶም ጾም ሠርቶ አደሩን እንዴት እንዳደኸየ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሁሉም ቆሞ አጨበጨበለትና ተበተነ።

ሙናዬ እግዜርን እያመሰገነች፣ ለባሏም ነገ የምትሰፍርለትን ገንፎ እያሰበች ባዶ ባዶውን ሰሐን ትሰበስብ ጀመር።

የአምባውን ስታነሳ ከበዳት፤ ከላይ የተደፋውን እንጀራ ብትገልጠው፣ የድርሻው ሥጋ ቢላዋ እንኳ ሳይነካው ከሥሩ ተደብቋል።