ወደ ጫማ ቤት

የገበያ ማዕከሉን መንገድ ጠቋሚ ስክሪን የነደፈችው ትርሲት ራሷ ናት። ጣት ሲያርፍበት፣ ሰው ሳይጠይቀው የሚያስፈልገውን አውቆ ወደ ሱቁ ይመራል። ከከተማው ስልክና ካሜራ ሁሉ ወሬ ስለሚለቅም ተሳስቶ አያውቅም።

ዛሬ ለልጇ ለኪሩቤል የትምህርት ቤት ጫማ ልትገዛ መጥታ ጣቷን አሳረፈች። አረንጓዴዋ መስመር የልጆች ጫማ ቤቱን አልፋ ሄደችና የሐዘን ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ቆመች። ትርሲት ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ ደገመችው። ያው ነው።

አጠገቧ የቆሙት ጥበቃ፣ ጋሽ ድንበሩ፣ ስክሪኑን አዩና ፊታቸውን አዞሩ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው። ትርሲት ይህን ለስክሪኑ አላስተማረችውም።

«ተበላሽቶ ይሆናል፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ድንበሩ። ግን ወንበራቸውን ሳቡላት።

ባሏ ሚልኪያስ ጋ ደወለች። ወዲያው አነሳ።

«እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናቸው።»

«ድምፅህ ምን ሆኗል?»

«ጉንፋን ነው። ሁላችንም ደህና ነን። ታክሲ ያዢና ቀጥ ብለሽ ወደ ቤት ነይ።»

ከበስተኋላው ሰዎች ሲንሾካሾኩ፣ አግዳሚ ወንበር ሲጎተት ሰማች። ቢሆንም እንደምንም አለች፦

«እሺ፣ የኪሩቤልን ጫማ ልግዛና እመጣለሁ።»



«ጫማው ይቅር» አላት።