ቀዩ ኪያር

ምራቲቱ የአፈ ሰፊውን ጠርሙስ ክዳን ስትከፍት የኮምጣጤና የእንጆሪ ሽታ ወጥ ቤቱን ሞላው። በስኳር፣ በኮምጣጤና በእንጆሪ ጭማቂ ሳምንት ሙሉ የተዘፈዘፈው ኪያር ፍም መስሏል። እዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ኪያር የዘፈዘፉት አማቷ ነበሩ፤ ለእሷ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አማቷ ደግሞ ኪያር የሚመዝኑት በምላስ ሳይሆን በጆሮ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ቁራጭ ነከሱ። ቀጭ አለ።

“ድምፁስ አለው” አሉ። “መልኩን ግን ምን አደረግሽው ልጄ? ሊፕስቲክ ቀባሽው እንዴ?”

ይሄኔ ጎረቤታቸው የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ ገባች። ጠርሙሱን እንዳየች በሳቅ ፈነዳች።

“ውይ በሞትኩት! እትዬ፣ ኪያሩን ማነው ከረሜላ ያደረገው?”

ምራቲቱ አንገቷን ደፍታ ክዳኑን መልሳ ልትገጥም ስትል አማቷ እጇን ያዝ አደረጉ። ሁለተኛ ቁራጭ አንስተው፣ አላምጠው፣ ሳይቸኩሉ ዋጡ።

“ምን ያስገለፍጥሻል?” አሉ ወደ ጎረቤታቸው ዞረው። “እኛ ቤት ኪያር እንዲህ ነው የሚዘፈዘፈው። ካማረሽ ቁጭ በይና ታስተምርሽ።”

ምራቲቱ ቀና አለች። ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ለጎረቤቲቱ ወንበር ሳበችላት።