የታመነ አማካሪ ፍለጋ

ላውሪ ፕሮሰር የባንክ ሥራዋን ትታ፣ በአበርሎይድ ከተማ ከሥጋ ቤቱ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራይታ የቤት ብድር አማካሪ ከሆነች ገና ዓመት አልሞላትም። በሩ ላይ ያስለጠፈችው ጽሑፍ አጭር ነው፤ «ለየትኛውም ባንክ አንሠራም» ይላል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ይህንኑ ጽሑፍ ጮክ ብለው እያነበቡ ገቡ። የሚስታቸውን ክንድ አጥብቀው ይዘዋል። ሁለቱንም ዝናብ አብስብሷቸዋል። ሴትየዋ ደረጃው አድክሟቸው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።

«እውነት ነው?» አሉ ሽማግሌው በሩን እያመለከቱ። «ለባንክ አትሠሪም?»

«አልሠራም። እኔ የምሠራው ለደንበኞቼ ነው። ይቀመጡ፣ ሚስተር…»

«ቦወን። ኢድዋል ቦወን። ባለቤቴ ኔስታ ትባላለች። ያ የባንኩ ሰውዬ ሻይና ብስኩት እያቀረበ ነው ጉድ የሠራኝ። አንቺም ብስኩት ካወጣሽ፣ ተነስቼ ነው የምሄደው!»

ላውሪ ሳቀች። ብስኩቱንም ከመሳቢያው ሳታወጣ ተወችው።

ነገሩ አዲስ አልነበረም። ሚስተር ቦወን አናጢ ናቸው። ለሥራቸው ማሽን ሊገዙ ቤታቸውን አስይዘው ተበደሩ፤ ሥራው ቀዘቀዘ፤ ክፍያው ተጓተተ፤ ባንኩም ቤቱን እወስዳለሁ አለ። አሁን የሚፈልጉት ከሌላ አበዳሪ ጋር የሚያገናኛቸው የታመነ ሰው ነው።

«ቤቱን ብታዪው» አሉ ፊታቸው እየበራ። «ኮረብታው ሥር ነው። ደረጃውን በእጄ ነው የሠራሁት። አንዲት ሳንቃ እንኳ አትንቋቋም! ጓሮው ውስጥ ኔስታ የተከለችው የፖም ዛፍ አለ። ያንን ለማንም አልሰጥም።»

ሚስታቸው ዓይናቸውን ጉልበታቸው ላይ ተከሉ።

«በሁለታችሁም ስም ነው?» ላውሪ ወደ ሴትየዋ ዞረች።

«በሁለታችን» አሉ ባልየው።

«ሚስስ ቦወን፣ እርስዎ በአዲሱ ብድር ይስማማሉ?»

«ትስማማለች እንጂ! ምን እሷን ታስጨንቂያታለሽ? እኔን ጠይቂኝ።»

 ኔስታ ከባላቸው ትከሻ ኋላ ላውሪን ትክ ብለው አዩአትና ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። አይሆንም ማለታቸው ነው።

 ግዌንሊያን የምትባል የላውሪ አክስት፣ ባሏ «እዚህ ጋ ፈርሚ» ባላት ቦታ ሁሉ ስትፈርም ኖራ፣ በመጨረሻ እርጅናዋን የገፋችው በሰው ቤት ጓዳ ነው። ላውሪም ባንኩን የለቀቀችው እንዲህ ያሉ ሴቶችን ማስፈረም አንገሽግሿት ነበር።

«ባንኩ እስከ መቼ ጊዜ ሰጣችሁ?» ብላ ጠየቀች፣ ድምፅዋን እንደምንም አለስልሳ።

«እስከ ዛሬ!» ሚስተር ቦወን ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «ዛሬ ካልሆነማ አለቀልን። ምን ትጠይቂኛለሽ? ትሠሪልኛለሽ ወይስ አትሠሪልኝም?»

ኔስታ እጃቸውን በቀስታ ባላቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ። ሽማግሌው የሚስታቸውን እጅ ገፉት።

«ተይኝ! ለማን ብዬ ነው የምለፋው? ለአንቺ አይደለም? በዚህ ዕድሜሽ ሜዳ ላይ ልጣልሽ?»

ሴትየዋ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። መሐረብ እንኳ አላወጡም፤ ማልቀስ የለመደ ሰው እንደሚያለቅሰው ነው ያለቀሱት።

ላውሪ ከዚህ በላይ አልቻለችም። ብድግ አለች።

«ሚስስ ቦወን፣ ሻይ እንድናፈላ ቢያግዙኝ?»

«ያለ ብስኩት!» ብለው ጮኹባቸው ሽማግሌው ከኋላ።

ላውሪ የትንሿን ማዕድ ቤት በር ዘጋች። ውኃ መጣዱንም ረሳችው።

«ይስሙኝ፣ እማማ። እርስዎ ሳይፈልጉ ማንም ሊያስፈርምዎት አይችልም። እኔ እያለሁ አይሆንም።» በጭንቅላቷ ወደ በሩ እያመለከተች «ይመቱዎታል?» አለች።

«ማን? ኢድዋል?» ኔስታ በድንጋጤ ቀና አሉ። «ኢድዋልማ ዝንብ አይነካም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስዎታል?»

 ኔስታ በመስኮቱ ቁልቁል እርጥቡን መንገድ ያያሉ።

«ሌላ አማካሪ ጋ ሄዳችሁ ነበር?»

«ያልሄድንበት የለም። እዚህ ከተማ የቀረሽን አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ምን አሏችሁ?»

«አይሆንም። ሁሉም አይሆንም አሉ።»

«ደግ አደረጉ!» ላውሪ በንዴት ፊቷ ቀላ። «እንግዲህ እኔም የምለው ያንኑ ነው። አሁን ወጥቼ እውነቱን ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ። ይቆጡ፣ ጠረጴዛውንም ይስበሩት። እርስዎ እዚሁ ይቆዩ።»

እጇን ወደ በሩ ስትሰድ ኔስታ አንጓዋን ለቀም አደረጉት። ጣቶቻቸው በረዶ ሆነዋል።

«አይ የኔ ልጅ፣ እንዳታደርጊው» አሉ ባላቸው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቤቱን እኮ ባንኩ ከወሰደብን ስንት ዓመት ሆነው፤ የምንኖረው በኪራይ ነው። ኢድዋል ግን ሁሉን ረስቶ ጠዋት ጠዋት ‹ዛሬ ቤታችንን ሊወስዱት ነው፣ የታመነ ሰው ፈልጊልኝ› እያለ ይነሳል። ይዤው የሄድኩበት አማካሪ ሁሉ ሐቀኛ ነው፤ ሰነዱን አይቶ እውነቱን ይነግረዋል፤ እሱም ልክ እንደ አዲስ መርዶ ሰምቶ ሲያለቅስ ይውላል።

አንቺ ግን፣ በእናትሽ፣ ‹ቤታችሁ ተርፏል› በይው።»