ፍሬን እና የሚስቱ የሸክላ ሱቅ

መኪና መንዳት የሚያሠለጥናቸው ሰዎች ሁሉ «ፍሬን» ይሉታል። ለማጁ ገና ሞተር ሳያስነሳ እሱ «ፍሬን፣ ፍሬን» ማለት ስለሚጀምር ነው። ቤቱ ሲገባም ጠባዩ ያው ነው።

ሚስቱ የቢሮ ጸሐፊ ናት፤ ልቧ ግን ያለው ሸክላ ላይ ነው። የአበባ ማስቀመጫ ትሠራለች። አንድ ቀን ለጀማሪ ነጋዴዎች የተዘጋጀ ሥልጠና ተካፍላ ፊቷ በርቶ ተመለሰች።

«ሰውዬው ምን አለን መሰለህ? ካፒታል ሩቅ አትፈልጉ፤ መጀመሪያ የገዛ ቤታችሁን ፈትሹ አለን።»

«እና ፈተሽሽ?»

«እየፈተሽኩ ነው» አለችው፣ ዓይን ዓይኑን እያየች። «ያጠራቀምካትን የትርፍ ሰዓት ገንዘብ ለሥራዬ ታበድረኛለህ?»

«ፍሬን» አለ ፍሬን። «ጭቃ ጠፍጥፎ የከበረ ማን አለ? መጀመሪያ ገዢ ይምጣ፤ ከዚያ እናያለን።»

አልተከራከረችም። ከቢሮዋ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ፣ ከፋርማሲውና ከፀጉር ቤቱ መሀል አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየች። መደርደሪያ አስመታች፣ ዕቃዋን ደረደረች፣ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ገዢ ግን የለም። የሚገባው ሁሉ ፋርማሲው የት እንደሆነ ጠይቆ ይወጣል። አመሻሽ ላይ አንገቷን ደፍታ የጥፍሯን ጭቃ ስታጥብ ሲያያት አንጀቱን በላችው። የተናገረውም ነገር ቆጨው። ይቅርታ መጠየቅ ግን ከማርሽ መቀየር በላይ የሚከብደው ሰው ነው።

ስለዚህ ሌላ ዘዴ ፈጠረ።

«እዚህ ጋ አቁም» አለው በማግስቱ ለማጁን። «ፓርኪንግ እንለማመድ።»

ለማጁ ሦስቴ የእግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ እንደምንም አቆመ።

«ጎበዝ። አሁን ውረድና ከዚያ ሱቅ አንድ የአበባ ማስቀመጫ ገዝተህ ና። ገንዘቡ ይኸው። እኔን አታውቀኝም።»

እሱ ወንበሩን አስተኝቶ ጠበቀ። ከዚያ ቀን ወዲያ ፓርኪንግ የተማረ ሁሉ ሱቋ በር ላይ ሆነ። ለማጆቹ ወደ ኋላ መንዳት ባይችሉም ሸክላ ሳይሰብሩ ተሸክሞ መምጣትን አንደኛ ቻሉበት።

የተገዛውን ዕቃ ቤት ማስገባት አይቻልም። በታላቅ እህቱ ግቢ ውስጥ አንድ መጋዘን አለ። እህቱና ሚስቱ ደግሞ ከሠርጉ ቀን ጀምሮ ተኮራርፈዋል፤ ከዚህ የተሻለ የምስጢር ቦታ ከየት ይገኛል? በየጊዜው መኪናውን እህቱ በር ላይ አስቁሞ ሸክላውን በመስኮት ያቀብላታል።

«ላግዝሽ እትዬ?»

«አንተ እዚያው ሁን፤ ልጁ አጥሬን እንዳይደረምስብኝ። እኔ አስገባዋለሁ።»

ሚስቱ ሰው ሆነች። ማታ ስትገባ ታንጎራጉራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትልቅ ዘንቢል አንጠልጥላ እህቱን ልትጠይቅ መሄድ ሁሉ ጀመረች። ፍሬን ይህን ሲያይ ልቡ ቅቤ ጠጣ፤ ሥራ ሲቀና ጠባይም ይቀናል ለካ። ትንሽ የከበደው የምስጢሩ ነገር ነበርና እህቱን ለብቻዋ አገኛት።

«እትዬ፣ አፍሽን አደራ።»

«እኔ? ሞቼ ነው» አለች እህቱ።

ለማጆቹም አንዳንዴ ያስቸግሩታል። በተለይ አንዱ መሪውን ትቶ ሸክላውን ማገላበጥ ይወዳል።

«ጋሼ፣ ይቺን አንገቷ ዘመም ያለችውን ባለፈው ገዝቼ አልነበር?»

«ሸክላ ሁሉ ሸክላ ነው። አንተ መስታወትህን እይ።»

ወራት አለፉ። የትርፍ ሰዓት ገንዘቡ ተንጠፍጥፎ አለቀ። የሱቋ መደርደሪያ ግን ዕቃ ሞልቶ ሞልቶ ወለል ላይ ወረደ። በየሳምንቱ እየሸጠች ይህን ያህል ከተረፋት፣ ሴትየዋ እንዴት ብትተጋ ነው ብሎ ተደነቀ። በዚህ መሀል አንድ ምሽት ራት ላይ መርዶዋን አረዳችው።

«ነገ የሥራ መልቀቂያዬን አስገባለሁ። ዋናው መንገድ ላይ ሰፊ ሱቅ አግኝቻለሁ፤ ውሉንም ነገ እፈርማለሁ።»

የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ።

«ፍሬን» አለ በደከመ ድምፅ።

«የምን ፍሬን? ገዢ ይምጣ አልክ፤ መጣ።»

ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ቢናገር ልቧን ይሰብራል። ዝም ቢል ደግሞ የቢሮ ሥራዋን ትታ፣ እሱ በገንዘቡ ባቆመው ገበያ ላይ ኑሯቸውን ልትሠራ ነው፤ ገንዘቡም አልቋል። ሲነጋ ጥርሱን ነክሶ ተነሣ።

«ከመፈረምሽ በፊት አንድ ቦታ አብረን እንሂድ።»

ምንም ሳትጠይቀው ተከተለችው። እህቱ በሩን ከፍታ አስገባቻቸውና የሆነ ነገር እንዳነቀው ሰው አፏን በእጇ ይዛ ቆመች። ፍሬን መጋዘኑ በር ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ስሚኝ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ለክፋት አይደለም። ስታዝኚ ማየት አቅቶኝ ነው። እነዚያ ሁሉ ገዢዎች እኔ የላክኋቸው ናቸው። የሸጥሽው በሙሉ እዚህ ውስጥ ነው። እኔ እንደሆንኩ አሁን ቤሳ ቤስቲን የለኝም፤ ስለዚህ ውሉን አትፈርሚ።»

በሩን ገፍቶ ከፈተ። ያ ሁሉ የገዛው ሸክላ እስከ ጣሪያ ተቆልሎ ይጠብቀኛል ብሎ ነበር። መጋዘኑ ወለሉ ተጠርጎ ባዶውን ነው። ጥግ ላይ ሦስት የአበባ ማስቀመጫዎች ቆመዋል፤ አንዷ አንገቷ ዘመም ያለች ናት።

«እትዬ፣ ሌባ ገብቷል» አለ ወደ እህቱ ዞሮ።

«ሌባማ አልገባም» አለች ሚስቱ። «እስካሁን እየመላለስኩ የሸጥኩልህ እነዚህን ሦስቱን ብቻ ነው።»